መንገድና ቤተሰብ፦ ከባዱ ዕቃ ከበሩ ጋ አይቀመጥም

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። በአሜሪካ የምንኖር ቤተሰቦች ቤት የምንቀይረውም፣ ከስቴት ወደ ስቴት የምንዛወረውም፣ ልጆቻችንን ይዘን ካምፒንግ የምንወጣውም በአብዛኛው በዚህ ወቅት ነው። የተሻለ ሥራ ይገኛል፣ ወንድም ወይም እህት "ኑ እንጂ" ብለው ይጠራሉ፣ የቤት ኪራይ እዚያ ይሻላል ይባላል፤ ተነሥተን እንሄዳለን። ዕቃ የሚያጓጉዝ ኩባንያ መቅጠር ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ትንሽ ተሳቢ፣ እዚህ ትሬለር የምንለውን፣ ተከራይተን ከሚኒቫናችን ኋላ አስረን መንገድ እንጀምራለን።

ትንሽ ተሳቢ ለመጎተት በአብዛኛው የተለየ መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም። አከራዩ መኪናችሁ መጎተት መቻሉን ይጠይቃል፣ ተሳቢውን ያያይዝላችኋል፣ መብራቱን ያሳያችኋል፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ያለው በእናንተ እጅ ነው። ቤታችሁ ደጃፍ ላይ ቆማችሁ ስትጭኑ፣ የትኛው ዕቃ የት እንደገባ መጥቶ የሚያይ ተቆጣጣሪ የለም። ተሳቢው መኪናችሁን ዝም ብሎ እንዲከተል ወይም መንገድ ላይ እንዲወዛወዝ የሚያደርገው ግን ከሁሉም በላይ ይኸው አጫጫኑ ነው። የዚህ ወር ጨዋታችን ስለ እሱ ነው።

የስንብት ቡናና የአጫጫን ተራ

እኛ ቤት ስንለቅ ዕቃ የሚወጣበት ተራ የታወቀ ነው። መጀመሪያ አልጋው፣ ፍራሹ፣ ሶፋው፣ የልጆቹ ልብስ ይወጣል። ወጥ ቤት መጨረሻ ነው። ለማገዝ የመጡት ወዳጆች ምሳ መብላት አለባቸው። ጎረቤት ሊሰናበት ይመጣል። ቡና ሳይፈላ ከቤት የሚወጣ ቤተሰብም የለም። ስለዚህ ምጣዱ፣ የጤፉ ከረጢት፣ ሙቀጫው፣ ፍሪዘሩ፣ ድስትና ሳህኑ ሁሉ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ቤት ውስጥ ይቆያል። ሦስተኛው ቡና ከተጠጣ በኋላ ተሰብስቦ ይወጣና በተረፈው ቦታ፣ ማለትም ከተሳቢው በር ጋ ይደረደራል። በዚህ ላይ "ለመንገድ ይሁናችሁ" ተብሎ የሚሰጠው ስንቅና የበርበሬ ፌስታል ይጨመርበታል።

ውጤቱን እንየው። ፍራሽና ልብስ ከፊት፣ ብረትና እህል ከኋላ። ከአጫጫን ሁሉ አደገኛው ይኸ ነው።

ትክክለኛው ደንብ ቀላል ነው። ከጭነቱ 60 በመቶ ያህሉ ከተሳቢው ግማሽ ወደ ፊት፣ ወደ መኪናው በኩል መሆን አለበት። ከባዱ ዕቃ ወለል ላይ፣ ከጎማው ትንሽ ወደ ፊት ይቀመጥ። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። ቀላሉ ዕቃ ከላይና ከኋላ ይሁን። ይህን ለማድረግ ደግሞ የስንብቱን ቡና መተው አያስፈልግም። የወጥ ቤቱን ከባድ ዕቃ ዋዜማውን አውጡና በረንዳ ላይ ደርድሩት። ጀበናው፣ ሲኒው፣ ረከቦቱና አንድ ድስት ለመጨረሻው ቀን ይበቃሉ። ጠዋት ተሳቢው ሲመጣ መጀመሪያ የሚገባው ፍሪዘሩና ጤፉ ይሁን፤ ፍራሹና የልብሱ ካርቶን መጨረሻ ይግባ። ጎረቤት የሚያመጣው ስንቅ ከበሩ ጋ ቢቀመጥ ቀላል ስለሆነ አያስቸግርም። ወዳጅ 50 ፓውንድ ጤፍ ካመጣ ግን አመስግናችሁ ወደ ፊት አሳልፉት።

ለምን ይወዛወዛል?

አገር ቤት አህያ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማስረዳት አይቸግረውም። ጭነት ካዘነበለ አህያዋ መንገዷን ትታ ከጭነቱ ጋር ትታገላለች። ተሳቢም እንዲሁ ነው።

ተሳቢው የሚያርፈው ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ በራሱ ጎማዎችና በመኪናችሁ ሂች ላይ ባለችው ኳስ። ክብደቱ ከጎማው ወደ ፊት ሲሆን፣ የፊቱ ዘንግ ኳሷን ወደ ታች ይጫናታል። ነፋስ ወይም የሚያልፍ ትልቅ ትራክ ተሳቢውን ወደ ጎን ቢገፋው መልሶ ይስተካከላል። ክብደቱ ከጎማው ወደ ኋላ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዘንጉ ወደ ላይ ይነሣል፤ የመኪናችሁን የኋላ ጎማዎች ከአስፋልቱ ያቀላቸዋል። ጎን ለጎን የተገፋ ጅራት ደግሞ እንደ ሰዓት ጴንዱለም ወዲያና ወዲህ መሄድ ይጀምራል፤ እያንዳንዱ ውዝዋዜ ከቀደመው ይበልጣል። ፍጥነት ሲጨምርና መንገዱ ቁልቁል ሲሆን ይብሳል። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ተሳቢው መኪናውን ይመራል እንጂ መኪናው ተሳቢውን አይመራም። ሙሉ ቤተሰብ የያዘ መኪና የሚገለበጠው እንዲህ ነው።

ታዲያ ሁሉንም ከፊት ብናደርገውስ? እሱም አይሆንም። ኳሷ ላይ ከመጠን በላይ ሲጫን የመኪናው ኋላ ይሰምጣል፣ የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ፣ መሪውና የፊት ፍሬኑ ይደክማሉ፣ ማታም መብራታችሁ ሰማይ ሰማይ ያያል። ልኩ የታወቀ ነው። ዘንጉ በኳሷ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት፣ በእንግሊዝኛ ታንግ ዌይት የሚባለው፣ ከተጫነው ተሳቢ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ሊሆን ይገባል። ተሳቢው ከነጭነቱ 2,500 ፓውንድ ቢመዝን፣ ኳሷ ላይ ማረፍ ያለበት ከ250 እስከ 375 ፓውንድ ነው። በዚህ መካከል ሆኖም ቢሆን መኪናችሁና ሂቹ ከሚፈቅዱት አይለፍ። አንዳንድ ሂች የሚችለው 350 ፓውንድ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ እራሱ ላይ ተጽፏል።

ለልጆች፦ በማስመሪያ የሚሠራ ሙከራ

ልጆች፣ ይህችን ክፍል እናንተ ሠርታችሁ ለእማማና ለአባባ አሳዩዋቸው። አንድ ማስመሪያ፣ አንድ እርሳስና ጥቂት ሳንቲም አምጡ። እርሳሱን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፤ እሱ የተሳቢው ጎማ ነው። ማስመሪያውን መሃሉ ላይ አስቀምጡት፤ እሱ ተሳቢው ነው። የማስመሪያው አንድ ጫፍ መኪናው ጋ የሚያያዘው ነው እንበል። ሳንቲሞቹን ከእርሳሱ ትንሽ ወደዚያ ጫፍ አስቀምጡ። ጫፉ ጠረጴዛውን ነካ አይደል? አሁን ሳንቲሞቹን ቀስ እያላችሁ ወደ ሌላው ጫፍ ግፏቸው። ምን ሆነ? የመኪናው ጫፍ ተነሣ! እማማ ፍሪዘሩን በር ላይ ስታስቀምጥ መኪናው ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። "እማዬ፣ ሳንቲሙ ወደ ኋላ ሄዷል" ብላችሁ ንገሯት፤ ይገባታል።

መኪናችሁ ስንት ይችላል?

"የኔ መኪና 3,500 ፓውንድ ይጎትታል" የሚል አባት ብዙ ነው። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሚኒቫኖች የሚፈቀድላቸው መጠን ይህ ነው። ነገር ግን ይኸ አንዱ ቁጥር ብቻ ነው። ሌላው ቁጥር የሾፌሩን በር ስትከፍቱ በምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ሰዎቹና ዕቃው አንድ ላይ ከዚህ ፓውንድ እንዳይበልጡ ይላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ኳሷ ላይ ያረፈው ክብደትም ከዚሁ ላይ የሚቀነስ መሆኑ ነው። መኪናው የተሸከመው ዕቃ ነውና።

አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። ወረቀቱ 1,200 ፓውንድ ይላል እንበል። አባት 180፣ እናት 150፣ አያት 140፣ ሁለቱ ልጆች ተደምረው 140። ይህ 610 ሆነ። ኳሷ ላይ ያረፈው 250 ሲጨመር 860። የቀረው 340 ነው። አሁን ደግሞ ሻንጣ። በአውሮፕላን የምንሄድበት፣ ሁላችን ልኩን የምናውቀው ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ 50 ፓውንድ ነው። አምስት ሻንጣ መኪናው ውስጥ ከገባ 250 ሄደ፤ የተረፈው 90 ፓውንድ ብቻ ነው። ውኃው፣ ስንቁ፣ የሕፃን ጋሪው፣ ጣሪያ ላይ የሚታሰረው ሁሉ ከዚህ አይበልጥም ማለት ነው። ስለዚህ ሻንጣ ከመጨመራችሁ በፊት ወረቀቱን አንብቡ። "ትንሽ ቢያልፍስ?" አትበሉ። የሚከፍለው ጎማውና ፍሬኑ ነው፤ ሁለቱም ደግሞ የሚደክሙት ቁልቁለት ላይ ነው።

በተሳቢውም ላይ እንዲሁ ባዶ ክብደቱና ከነጭነቱ የሚፈቀደው ከፍተኛ ክብደት ተጽፏል። ሁለተኛው ሲቀነስ የመጀመሪያው፣ መጫን የምትችሉት ይሆናል። ተሳቢው ቦታ ስለተረፈው ብቻ መጫን ይችላል ማለት አይደለም። መጽሐፍ፣ እህልና የሸክላ ሳህን ትንሽ ቦታ ይዘው ብዙ ይመዝናሉ።

ግምት ሳይሆን ሚዛን

በዓይን መገመት አያስተማምንም። ደግነቱ ሚዛኑ ሩቅ አይደለም፤ በትላልቅ ትራክ ስቶፖች ይገኛል። ከወገኖቻችን መካከል የትራክ ሹፌር የሆነ አንድ ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። ጠይቋቸው፣ የት እንዳለና እንዴት እንደሚገባ ያሳዩአችኋል። ዋጋውም ከአንድ የምግብ ቤት ምሳ አይበልጥም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ተሳፍሮ፣ ተሳቢው ተያይዞ ሚዛን ላይ ትወጣላችሁ። የመኪናው ጎማዎች ለብቻ፣ የተሳቢው ጎማዎች ለብቻ ይመዘናሉ። ከዚያ ተሳቢውን በተፈቀደ ቦታ አቁማችሁ መኪናውን ብቻውን ትመዝናላችሁ። መኪናው ብቻውን 5,600፣ ከተሳቢ ጋር 5,850 ቢሆን ልዩነቱ 250 ነው፤ ኳሷ ላይ ያረፈው እሱ ነው። የተሳቢው ጎማዎች 2,250 ካሳዩ፣ ተሳቢው በጠቅላላ 2,500 ነው። 250 ለ2,500 ሲካፈል 10 በመቶ፤ ልኩ ላይ ናችሁ። ከ10 በታች ከሆነ ሁለት ሦስት ከባድ ካርቶን ወደ ፊት አሳልፉ። ከ15 በላይ ከሆነ ትንሽ ወደ ኋላ መልሱ። ዛሬውኑ ከተማችሁ ውስጥ ይህን ማድረግ፣ ነገ ተራራ ላይ ከመማር ይሻላል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል

በቦታው የተቀመጠ ዕቃ በቦታው ካልቆየ ድካሙ ከንቱ ነው። የመጀመሪያው ጠንካራ ፍሬን ላይ ሁሉም ይንሸራተታል። ባለ ማጥበቂያ ቀበቶ ግዙ፤ ቀጭን የፕላስቲክ ገመድ በፀሐይና በንዝረት ይላላል። ከባዱን ዕቃ በተሳቢው ግድግዳ ላይ ካሉት ቀለበቶች ጋር እሰሩ። ክፍት ቦታ ካለ በብርድ ልብስና በትራስ ሙሉት። የቤንዚን ጀሪካን፣ የጋዝ ሲሊንደርና የከሰል ማቀጣጠያ ፈሳሽ በተዘጋ ተሳቢ ውስጥ አይገቡም።

መኪናው ውስጥም ያው ነው። ሙቀጫና ዘነዘና ከኋላ መቀመጫ በስተጀርባ ልቅ ሆነው መሄድ የለባቸውም። መኪና ድንገት ሲቆም ልቅ የሆነ ብረት ወደ ፊት ይበራል፤ ፊቱ ያሉት ደግሞ ልጆቹ ናቸው። ከባዱ ወለል ላይ ይሁን፣ ከመስኮቱ በላይ የሚደረደር ነገር አይኑር።

አንድ ሌላ ነገር። "ልጆቹ ተሳቢው ውስጥ ተኝተው ይሂዱ" የሚል ሐሳብ አንዳንዴ ይነሣል፣ በተለይ አልጋ ያለው የካምፒንግ ተሳቢ ሲሆን። አይሆንም። ቀበቶ የለም፣ ብዙ ስቴቶችም በሕግ ይከለክላሉ። ሁሉም ሰው መኪናው ውስጥ፣ በቀበቶ፣ ልጆች በየወንበራቸው።

ከመነሣታችሁ በፊት በእጃችሁ የምትነኩት

በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅ ነው የሚታየው። ዘንጉ ኳሷ ላይ በትክክል መቀመጡንና መቆለፊያው መዘጋቱን ነክታችሁ አረጋግጡ። የኳሷ መጠን ከዘንጉ ጋር አንድ መሆኑን እዩ፤ ቁጥሩ ሁለቱም ላይ ተጽፏል። ሁለቱ ሰንሰለቶች ከዘንጉ ሥር ተጠላልፈው ይታሰሩ፤ ዘንጉ ቢፈታ መሬት ሳይነካ እንዲያርፍባቸው ነው። ሰንሰለቱ መሬት አይጎተት፣ ሲታጠፍም አያጥብቅ። ተሳቢው የራሱ የኤሌክትሪክ ፍሬን ካለው፣ ሲላቀቅ ፍሬኑን የምታስይዘው ቀጭን ሽቦ ከመኪናው ጋር ለብቻዋ ትታሰር።

ጎማውን አትርሱ። ንፋሱ የሚለካው ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ፣ ከመነሣት በፊት ነው። የተሳቢው ጎማ የሚፈልገው ንፋስ ከመኪናው ጎማ ይለያል፤ የተጻፈውን ተከተሉ። በጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2319 ቢል፣ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ገና አዲስ ቢመስልም ያረጀ ጎማ ሙቀት አይችልም።

ለልጆች ሥራ አለ። አንዱ ከኋላ በኩል፣ በሩቅ፣ ከትልቅ ሰው ጋር ቆሞ መብራት ይቆጣጠር። አባት ፍሬን ሲይዝ "ቀይ በራ!"፣ ፍሬቻ ሲያበራ "ግራ!" "ቀኝ!" ይበል። ይህ ጨዋታ ሳይሆን እውነተኛ ሥራ ነው። ተሳቢው ወደ ኋላ ሲመለስ ግን ማንም ልጅ ከኋላው አይሁን። የተዘጋ ተሳቢ ሲኖር በውስጠኛው መስታወት ኋላ አይታይም፤ በጎን ስፖኪዮም ቢሆን ቀጥታ ከኋላው ያለው አይታይም። ልጆቹ ሁሉ የት እንዳሉ በስም ተጠርተው ካልታወቀ ማርሹ አይነካ።

ከኦሮራ እስከ ሲያትል

አሁን መንገድ እንውጣ። ብዙ ወገን ያለባቸውን ሁለት ከተሞች እንውሰድ፤ ከዴንቨር አጠገብ ካለችው ኦሮራ ወደ ሲያትል። መንገዱ 1,300 ማይል ገደማ ነው። ስልካችሁ የሚነግራችሁ ሰዓት ለመኪና እንጂ ለተሳቢ አይደለም። የኪራይ ተሳቢዎች ላይ ብዙ ጊዜ 55 ማይል ከፍተኛ ተብሎ ይጻፋል፤ በካሊፎርኒያ ደግሞ ማንኛውም ተሳቢ የሚጎትት መኪና ከ55 እንዳያልፍ ሕግ ነው። አብዛኛው የተሳቢ ጎማም ሌላ ካልተጻፈበት ከ65 በላይ እንዲሮጥ አልተሠራም። በ55 ማይል 1,300 ማይል፣ ሳትቆሙ እንኳ ከ23 ሰዓት በላይ ነው። "ሌሊቱን ተቀባብለን እንገባለን" የሚለውን ተዉት፤ ሦስት ቀን አድርጉት። አያትም እግራቸውን ያፍታታሉ።

ከኮሎራዶ ወጥታችሁ ዋዮሚንግ ስትገቡ አውራ ጎዳና 80ን ትይዛላችሁ። ከሻየን እስከ ላራሚ ባለው መንገድ ከፍታው 8,640 ጫማ ይደርሳል። እዚያ ጠላታችሁ ነፋስ ነው። ነፋሱ ሲበረታ የስቴቱ መንገድ ባለሥልጣን ቀላልና ቁመት ያላቸውን ተሽከርካሪዎች እንዳያልፉ ይከለክላል። የእናንተ ሳጥን ተሳቢ ቀላልም ነው፣ ቁመትም አለው። 511 ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፤ ተዘግቷል ከተባለ ሆቴል ግቡ። የአንድ ሌሊት ሆቴል ከሁሉም ይረክሳል።

ከዚያ ዩታንና አይዳሆን አልፋችሁ በአውራ ጎዳና 84 ኦሪገን ስትገቡ፣ ከፔንድልተን በፊት ካቤጅ ሂል የሚባል ረጅምና ጠመዝማዛ ቁልቁለት አለ፤ 6 በመቶ ይወርዳል። የትራክ ሹፌሮች በደንብ ያውቁታል። እዚያ የሚሠራው ደንብ በማንኛውም ተራራ ይሠራል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍጥነት ቀንሱ፣ ማርሽ አውርዱ፣ ሞተሩ ይያዝላችሁ። ፍሬኑን ረግጣችሁ አትቆዩ፤ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ልቀቁ፣ እንደገና ያዙ። የሚቃጠል ሽታ ከሸተታችሁ በመጀመሪያው አስተማማኝ ቦታ ቁሙና ይቀዝቅዝ። ክሩዝ ኮንትሮል በዳገትና በቁልቁለት፣ በነፋስም አይበራ። ሲያትል ከመግባታችሁ በፊት የሚጠብቃችሁ የመጨረሻው ተራራ ስኖኳልሚ ነው፤ 3,022 ጫማ ብቻ ቢሆንም፣ ሦስተኛ ቀን የደከመ ሹፌር የሚያልፈው ስለሆነ አትናቁት።

ከፊት ያለው መኪና ጋር ያለ ተሳቢ ከምትተዉት ርቀት ቢያንስ እጥፍ ተዉ። መስመር ስትቀይሩ ተሳቢውን ጨምራችሁ አስቡ። ከተነሣችሁ ከ10 ማይል በኋላ፣ ከዚያም ነዳጅ በቀዳችሁ ቁጥር ወርዳችሁ ሰንሰለቱን፣ መቆለፊያውን፣ ቀበቶውን፣ የጎማ ብሎኑን፣ ንፋሱን፣ መብራቱን አንድ ዙር ዞራችሁ እዩ። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ቢወዛወዝስ?

ይህን ክፍል ባልና ሚስት፣ የሚነዳ ልጅም ካለ፣ ሁላችሁም አንብቡት። ጊዜው ሲመጣ ለማሰብ ፋታ የለም።

ተሳቢው ወዲያና ወዲህ ማለት ሲጀምር እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሡ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ በሁለት እጅ ያዙ። ፍሬን አትርገጡ። ውዝዋዜውን ለማረም መሪውን ወዲያና ወዲህ አታዙሩ። "ቀጥ እንዲል" ብላችሁም ፍጥነት አትጨምሩ። መኪናው ራሱ ፍጥነት እየቀነሰ ሲሄድ ውዝዋዜው ይሞታል። ተሳቢው የራሱ የኤሌክትሪክ ፍሬን ካለውና መቆጣጠሪያው በእጃችሁ ከሆነ፣ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በቀስታ ያዙ፤ ይጎትተውና ያስተካክለዋል።

ሲረጋ ግን "ተመስገን" ብላችሁ አትቀጥሉ። አስተማማኝ መውጫ ላይ ወጥታችሁ ቁሙ፣ በሩን ክፈቱ፣ ከባዱን ወደ ፊት አሳልፉ። ውዝዋዜ የነገራችሁ አንድ ነገር ነው፤ ጭነቱ ልክ አይደለም። በዝግታ በመንዳት ብቻ አይድንም፤ ቀጣዩ ቁልቁለትና ቀጣዩ ነፋስ መንገድ ላይ እየጠበቁ ነው። ሻይ ጠጥታችሁ አንድ ሰዓት አጥፍታችሁ ጫኑት።

የካምፒንግ ተሳቢ ላላቸው

ካምፐር ገዝታችሁ ወይም ተከራይታችሁ የምትወጡም ደንቡ ያው ነው፤ ሦስት ነገር ብቻ ልጨምር። አንደኛ ውኃ። አንድ ጋሎን ውኃ ከ8 ፓውንድ በላይ ይመዝናል፤ ባለ 40 ጋሎን ታንከር ሲሞላ 330 ፓውንድ ገደማ ነው። ታንከሩ ከጎማው ወደ ኋላ ከሆነ፣ ሳታውቁ ሁለት ሰው ጅራቱ ላይ አስቀመጣችሁ ማለት ነው። ለመንገድ የሚበቃችሁን ያዙና ሌላውን ካምፑ ደርሳችሁ ሙሉ። ሁለተኛ፣ ብስክሌት ከካምፐሩ ኋላ መስቀል ቀላል ቢመስልም ጅራቱን ያከብደዋል፤ አምራቹ ካልፈቀደ አትስቀሉ። ሦስተኛ፣ ቁም ሣጥኖቹ ውስጥ ቆርቆሮና ድስት ከላይ አይሁን፤ ወለሉ ላይ፣ ከጎማው አጠገብ ይቀመጥ። የጋዙን መዝጊያ ዘግታችሁ ተነሡ።

ቆርጣችሁ ፍሪጅ ላይ ለጥፉት

ዋዜማውን የወጥ ቤቱ ከባድ ዕቃ ወጥቷል ወይ?
ከባዱ መጀመሪያ ገብቷል፣ 60 በመቶው ከፊት ነው ወይ?
ግራና ቀኙ እኩል ነው ወይ?
ሁሉም ታስሯል ወይ?
የበሩን ወረቀት አንብበን ደምረናል ወይ?
ሚዛን ላይ ወጥተናል ወይ?
መቆለፊያ፣ ሰንሰለት፣ መብራት፣ ጎማ በእጅ ተነክተዋል ወይ?
ልጆቹ በስም ተጠርተው በቀበቶ ታስረዋል ወይ?

ሁሉም "አዎ" ከሆነ፣ ጎረቤቱን ስማችሁ ተነሡ። ተሳፋሪው ውድ ነውና አትቸኩሉ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ።

በሚቀጥለው ወር ስለ ልጆች የመኪና ወንበር እንነጋገራለን፤ ልጁ ስንት ዓመቱና ስንት ኪሎው ሲሆን ወንበሩ ይቀየራል? ጥያቄ ያላችሁ መጽሔቱን ባገኛችሁበት ሱቅ ለዝግጅት ክፍላችን ብላችሁ ጽፋችሁ ተዉልን።

እስከዚያው መንገዳችሁ የተቃና ይሁን። በሰላም ግቡ።